ልጆቹ ሳይበተኑ አንድ ጉዞ

ጥያቄ፦ "እንደ ታናሽ እህትሽ ቆጥረሽ ምከሪኝ። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቁ 19 ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ዓመት ሆነው። ሴቷ 16፣ ትንሹ ደግሞ 13 ናቸው። እኔና ባለቤቴ ስድስት ዓመት አጠራቅመን አሁን ለአምስታችን የሁለት ሳምንት የውጭ ጉዞ የሚሆን ገንዘብ አለን። እንዲህ ያለ ጉዞ ድጋሚ የምናደርግ አይመስለኝም። ባለቤቴ አገሩን እኛ መርጠን ሰርፕራይዝ እናድርጋቸው ይላል። እኔ ለትልቁ ጠቆም ባደርገው 'እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከጓደኞቼ ጋር ብቆይ ይሻለኛል' አለኝ። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። ሴቷ ከስልኳ ቀና አትልም። የሚጓጓው ትንሹ ብቻ ነው። የት እንሂድ? ትልቁን ላስገድደው? ስልካቸውን ልቀማ? የማይረሳ እንዲሆን ምን ላድርግ?" (የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦

እህቴ፣

"እንደ ታናሽ እህትሽ" ስላልሽኝ አንቺ እያልኩ ልቀጥል። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ የጉዞ ጥያቄ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ጉዞው ሰበብ እንደሆነ ገባኝ። ልጆችሽ ከቤት ሊወጡ ነው። ከመውጣታቸው በፊት አንዴ ሰብሰብ አድርገሽ ልታዪያቸው ፈልገሻል። እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። አንዳንዱን አሳምሬ፣ አንዳንዱን አበላሽቼ ነው ያለፍኩት።

ከትልቁ ልጅ ልጀምር፤ ያስለቀሰሽ እሱ ነውና።

"እኔ ልቅር" ማለቱ እናንተን መጥላቱ አይደለም። እስኪ በእሱ ቦታ ሆነሽ አስቢው። ዓመቱን ሙሉ ሲፈልግ ተኝቶ፣ ሲፈልግ ተነስቶ ኖሯል። አሁን "የቤተሰብ ጉዞ" ሲባል የሚታየው ከ13 ዓመት ወንድሙ ጋር አንድ ክፍል መጋራት ነው። በጠዋት መቀስቀስ ነው። "እስኪ ሁላችሁም ተጠጉ፣ ፎቶ!" መባል ነው። እኔም ብሆን ጓደኞቼን እመርጥ ነበር።

አታስገድጂው። ብትፈልጊም አትችይም። በ19 ዓመቱ በአብዛኛው አገር ሕግ አዋቂ ነው፤ የቪዛ ማመልከቻውን ራሱ ነው የሚፈርመው። ያኮረፈ ጎረምሳ ይዞ ሁለት ሳምንት መዞር ደግሞ ለአምስታችሁም ቅጣት ነው። ዝም ብለሽም ግን አትተዪው። ብቻውን አግኚው። እራት ላይ ሁሉም ባለበት አይሆንም። በእግር ስትሄዱ ወይም መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ማውራት ለጎረምሳ ይቀለዋል። "ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?" ብለሽ አትጠይቂው። "ምን ቢኖረው ትመጣለህ?" በይው። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝማል፤ ቻይው።

የሚልሽን ልገምት። የራሴ ክፍል ይኑረኝ። ጠዋት እንዳትቀሰቅሱኝ። አሥር ቀን ብቻ ልምጣ። ሦስቱም የሚያስኬዱ ናቸው። አሥር ቀን ቆይቶ ብቻውን ቢመለስ ወይም አራት ቀን ዘግይቶ ቢቀላቀላችሁ ምን ይጎድላል? ብቻውን ተሳፍሮ የማያውቀው አገር መድረሱ ራሱ ለእሱ የጉዞው ትልቁ ነገር ሊሆን ይችላል። "ጓደኛዬን ላምጣ" ካለሽ ግን ለዚህኛው ጉዞ እምቢ በይ። እሱ ካመጣ እህቱም ታመጣለች። ከዚያ እናንተ አንድ ጠረጴዛ፣ እነሱ ሌላ ጠረጴዛ ነው።

አንድ አደራ አለኝ። "ይሄ እኮ አንድ ላይ የምንሄድበት የመጨረሻ ጊዜ ነው" የሚለውን ከአፍሽ አታውጪ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን እሱን ይዘሽ ከተነሳሽ ልጆቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስ ባይላቸውም ደስ ያላቸው መምሰል ሊኖርባቸው ነው። ያንን ሸክም አንቺና ባለቤትሽ ያዙት፤ እነሱ ዝም ብለው ይምጡ።

ወደ ሰርፕራይዙ ልለፍ። ባለቤትሽን አመስግኚልኝ፤ ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ይቅርባችሁ።

እኔ ሞክሬዋለሁ። ልጄ 15 ዓመቷ ነበር። ለወራት ደብቀን፣ ሻንጣ ሳይቀር በድብቅ አዘጋጅተን፣ ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀር ትኬቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንላት። አለቀሰች። የደስታ መስሎን አቀፍናት። ለካስ በዚያው ሳምንት ወራት የተለማመደችበት የትምህርት ቤት ቲያትር ነበረባት። ነግራናለች እኮ፤ የረሳነው እኛ ነን። ትኬቱ የማይመለስ ስለነበር ሄድን። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችንም። አሁን ትልቅ ሴት ሆናም ነገሩ ሲነሳ ትስቃለች፤ ሳቋ ውስጥ ግን ትንሽ ቂም አይጠፋም።

ለአምስት ዓመት ሕፃን ሰርፕራይዝ ደስታ ነው። ለ16 ዓመት ልጅ ግን "ያንቺ ፕሮግራም አይቆጠርም" እንደማለት ነው። ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ከ1,500 በላይ የኔዘርላንድ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ለዕረፍት የሚጓዙት ከማይጓዙት ይልቅ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ከመሄዳቸው በፊት ነው። ከተመለሱ በኋላ፣ በጣም ዘና ብለው ከመጡት በቀር፣ ቤታቸው ከቆዩት ብዙም አልተለዩም። ትልቁ ደስታ መጠበቁ ላይ ነው ማለት ነው። ሰርፕራይዝ የሚሰርቀው ደግሞ እሱኑ ነው። ወራት ሊያወሩበት፣ ሊጨቃጨቁበት፣ ካርታ ዘርግተው ሊያልሙበት የሚችሉትን ነገር በአንድ ምሽት ለምን ትጨርሱታላችሁ? ባለቤትሽ መደበቅ ከወደደ ጉዞው ውስጥ አንዲት ነገር ይደብቅ። አንድ የጀልባ ሽርሽር፣ አንድ ምሽት። ይበቃዋል።

"የት እንሂድ?" ላልሽው፣ አገር አልመርጥልሽም። አመራረጡን ግን ላሳይሽ።

አምስታችሁም ወረቀት ያዙ። የአገር ስም አትጻፉ፤ ማድረግ የምትፈልጉትን ነገር ሦስት ሦስት ጻፉ። "ፓሪስ" ብሎ የጻፈ ልጅ ምን እንደፈለገ አይታወቅም። "ማታ ማታ ከተማ ውስጥ መንከራተት" ካለ ግን ታውቂያለሽ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት "እምቢ" ስጡ። ምክንያቷ አይጠየቅም። ትንሹም እንደ አባቱ እኩል አንዲት እምቢ አለችው። በእኛ ቤት የእኔ እምቢ መርከብ ላይ ማደር ነበረች፤ እስካሁን ይስቁብኛል።

ወረቀቱ ሲገለጥ የሚገጣጠም ነገር አይጠፋም። እንስሳትና ባሕር ከወጣ ታንዛኒያ አለች። ንጎሮንጎሮ 600 ሜትር ገደማ ወደ ታች የሚወረድበት የጥንት እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ነው፤ ከሥሩ አንበሳና ዝሆን ይኖሩበታል። አጠገቡ ሴሬንጌቲ የሚባለው ሰፊ የዱር እንስሳት ፓርክ አለ። ሲደክማችሁ ደግሞ የዛንዚባር ደሴት። ግን ልንገርሽ፣ ሳፋሪ ለጎረምሳ አስቸጋሪ ጎን አለው። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ መቀመጥ ነው፤ እንደልብ መውረድ የለም። የመጀመሪያው አንበሳ ሲታይ ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። አራተኛው ቀን ላይ አንበሳውም ያዛጋል፣ እነሱም ያዛጋሉ። ሦስት ቀን ይበቃል፤ የቀረውን ለባሕሩ ስጡት።

ታሪክ፣ በረሃና ውሃ አንድ ላይ ከወጣ ደግሞ ዮርዳኖስን እዩ። እንደናንተ ላለ ቤተሰብ እኔ የምወደው እሱን ነው፤ ሁሉም ነገር ቅርብ ለቅርብ ነው። ፔትራ የምትባለው ጥንታዊ ከተማ ስትገቢ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል በጠባብ የድንጋይ ገደል መሐል ትሄጃለሽ። ከዚያ ድንገት ከአለት የተፈለፈለ ሕንፃ ፊት ለፊትሽ ይቆማል። ከስልኳ ቀና የማትለው ልጅሽ እዚያ ጋ ቀና ትላለች፤ ቢያንስ ፎቶ ለማንሳት። "ገዳሙ" ወደሚባለው ሌላ ሕንፃ ለመድረስ ከ800 በላይ ደረጃ መውጣት አለ። እሱ የልጆቹ ውድድር ይሁን፤ አንቺ ከሥር ጥላ ፈልገሽ ቁጭ በይ። ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዳ ዋዲ ረም ነው፤ በረሃ ላይ ድንኳን ውስጥ ይታደራል። ከዚያ በአንድ ሰዓት ገደማ ቀይ ባሕር ይደረሳል። ለትንሹ ደግሞ ሙት ባሕር አለለት፤ ከባሕር ወለል 400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ ጨዋማነቱም ሰውን ሳይዋኝ ያንሳፍፋል። የትኛውንም ብትመርጡ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሰሞኑን የጸጥታ ሁኔታ አጣሩ።

አገሩን ወቅቱ ይወስነዋል፤ እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል። በሰሜን ኖርዌይ ትሮምሶ ሰማይ ላይ የሚደንሰውን አረንጓዴ ብርሃን ለማየት በክረምት ዕረፍት፣ ሐምሌ ላይ፣ የሄደ ሰው ምንም አያይም። በዚያ ሰሞን ፀሐይዋ ጨርሶ አትጠልቅም ወይም ሌሊቱ አይጨልምም። ብርሃኑ ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው። በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለውን የቪክቶሪያ ፏፏቴ ሚያዝያ ላይ ብታዪው ውሃው ከመብዛቱ የተነሳ ጭጋጉ ራሱን ፏፏቴውን ይጋርደዋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ በዛምቢያ በኩል ያለው ክፉኛ ይሳሳል። በሴሬንጌቲ በኩል ዊልደቢስት የሚባሉት በመንጋ የሚጓዙ የዱር እንስሳት በአዞ መሐል ወንዝ ሲሻገሩ ማየት የፈለገ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መሄድ አለበት፤ ግልገል ሲወልዱ ለማየት ደግሞ የካቲት ገደማ። ስለዚህ መጀመሪያ የልጆቹ ትምህርት የሚዘጋበትን ቀን ያዙ። አገሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ሳምንት ረጅም ይመስላል እንጂ አይደለም። መሄጃና መመለሻው ሁለት ቀን ይበላል። የሰዓት ልዩነት ካለ ሰውነት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደግሞ ይብሳል። የሚተርፍሽ አሥር ቀን ቢሆን ነው። በአሥር ቀን ከሁለት ማደሪያ በላይ አትያዙ፤ ቢበዛ ሦስት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ስድስት ከተማ የዞረ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ የሚያወሩት ስለ ሻንጣ ነው።

ጠዋቱን ደግሞ ልቀቂላቸው። ጎረምሳ አርፍዶ መነሳቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ወደ ምሽት ይገፋል፤ እንቅልፋቸው የሚመጣው አምሽቶ ነው፣ የሚያስፈልጋቸውም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። በማለዳ መነሳት ግድ የሚሆንባቸውን ቀኖች ሦስት ብቻ አድርጊ፤ የትኞቹ እንደሆኑም ከአሁኑ ንገሪያቸው። በሌሎቹ ቀኖች እነሱ ይተኙ። አንቺና ባለቤትሽ ሁለት ሰዓት ብቻችሁን ተራመዱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ከጉዞዎቼ ሁሉ የምናፍቀው እነዚያን ጠዋቶች ነው።

ስልኩን አትቀሚ። ስልኳን የተቀማች ልጅ የምታስበው ስለ ተራራው አይደለም፤ ስለ ስልኩ ነው። ይልቅ ለስልኩ ሥራ ስጪው። መንገድ መምራት፣ የአውቶቡስ ሰዓት ማጣራት፣ ፎቶውን መሰብሰብ የእሷ ይሁን። አንድ ሕግ ይበቃል፦ ምግብ ላይ ስልክ የለም። ሕጉ የአባትየውንም ስልክ ይጨምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈርሰው እሱ ነው።

ሥራ ስል ግን የማስመሰል አይደለም። ለትልቁ ከሁለቱ ሳምንት ሦስት ተከታታይ ቀን ሙሉ በሙሉ ስጡት። የት እንደሚታደር፣ በምን እንደሚኬድ፣ ምን እንደሚታይ እሱ ይወስን። የሦስቱን ቀን ገንዘብ እሱ ይያዝ። ሴቷም ሁለት ቀን፣ ትንሹም አንድ ቀን ይኑራቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እዚህ ላይ የሚከብደው ለልጆቹ ሳይሆን ላንቺ ነው። ልጁ የተሳሳተ አውቶቡስ ያሳፍራችኋል። ከውድ ሆቴል ይልቅ የሚያንኮራፋ ሰው ያለበት ማደሪያ ይመርጣል። ያን ጊዜ "ብዬህ ነበር" ካልሽ ሁሉም ነገር አበቃ። ሻንጣሽን ይዘሽ ከኋላው ተከተዪ። ብዙ ወላጅ ለልጁ ሥልጣን የሰጠ ይመስለዋል፤ መንገዱ ሲጠፋ ግን ወዲያው ካርታውን ይነጥቃል። እኔም ነጥቄያለሁ።

ገንዘቡን ጠቅላላ ድምሩን ንገሯቸው። "ይሄን ያህል አለን፣ ለመጠባበቂያ ከአሥር አንዱ አይነካም፣ በቀረው እንዴት እናድርግ?" በሏቸው። ልጆች ቁጥሩን ሲያዩ ራሳቸው ቆጣቢ ይሆናሉ፤ ሲደበቅባቸው ነው የሚነዘንዙት። አየር መንገዶች 12 ዓመት የሞላውን እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚያስከፍሉት፤ ስለዚህ አምስት ሙሉ ትኬት ቁጠሪ። ብዙ ሆቴል አምስት ሰው በአንድ ክፍል አያስተኛም። ወጥ ቤትና ሁለት ሦስት መኝታ ያለው ቤት መከራየት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፣ ለትልቁም የራሱን በር ያስገኝለታል።

ወረቀቱን ቶሎ ልበለው። ብዙ አገር ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የቀረው እንዲሆን ይጠይቃል። የልጆች ፓስፖርት በብዙ አገር የሚያገለግለው 5 ዓመት ስለሆነ ከናንተ ቀድሞ ሊያበቃ ይችላል። አውሮፓ ከሆነ ብዙ አገሮቿን በአንድ ፈቃድ የሚያስገባውን የሼንገን ቪዛ ከ6 ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን ረፍዷል። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠይቅ አገር ካለበት ደግሞ የምስክር ወረቀቱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

የማይረሳ እንዲሆን ላልሽው፣ ግማሹን ሥራ ዕድሜያቸው ሠርቶልሻል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ አብዝተው የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ያለውን ጊዜ ነው። ሦስቱም ልጆችሽ እዚያ ውስጥ ናቸው። "ትንሽ እያሉ መውሰድ ነበረብን" ብለሽ እየተቆጨሽ ከሆነ ተዪው።

ሌላው ግማሽ ማለቂያው ላይ ነው። ዳንኤል ካህነማን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ሙከራ አሳትሟል። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 60 ሰከንድ ነከሩ። በሌላ ዙር ደግሞ ያንኑ 60 ሰከንድ ከነከሩ በኋላ ተጨማሪ 30 ሰከንድ አቆዩ፤ በዚያ ውስጥ ውሃው በትንሹ እንዲሞቅ ተደረገ። "የቱን ትደግማላችሁ?" ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ሥቃዩ በዝቶ እያለ ማለቂያው ስለተሻለ ብቻ። ሰው አንድን ነገር የሚያስታውሰው ርዝመቱን ለክቶ አይደለም፤ ጫፉ ላይ የደረሰበትንና ያበቃበትን ይዞ ነው።

እኛ ቤት ይሄ በተቃራኒው ተፈትኗል። ከአንድ ግሩም ጉዞ የመጨረሻ ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተን፣ ሻንጣው ከብዶ፣ ኤርፖርት ወለል ላይ ልብስ እየዘረገፍን፣ እኔና ባለቤቴ በሰው ፊት ተጣላን። ልጆቼ ስለዚያ ጉዞ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። ባሕሩ ሁለተኛ ነው።

ስለዚህ ትልቁን ነገር፣ ሁሉም የፈለገውን አንዱን፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ አስቀምጡት። የመጨረሻውን ሙሉ ቀን ግን ባዶ ተዉት። ያልተያዘ፣ የትም የማይኬድበት። ሻንጣ ከሰዓት በፊት ይታሰር፣ ማታ ረጅም እራት ይበላ። ልጆቹ ቀይ ባሕር ወይም ዛንዚባር ላይ ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ጋን ታጥቆ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ከተመኙም ይሄ ባዶ ቀን ግድ ነው፤ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት። ትንሹም ይችላል፤ የልጆች ሥልጠና ከ10 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ። ትልቁን ልጅሽን ለእግር ጉዞ ይዘሽው ውጪና "ምን ቢኖረው ትመጣለህ?" በይው። ለትንሹ ደግሞ የአምስታችሁን ፓስፖርት ስጪውና የሚያበቃበትን ቀን ወረቀት ላይ ይጻፍልሽ። ዝርዝሩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈሽ ተዪው። ሴቷ አንድ ቀን ውሃ ልትጠጣ ስትመጣ ቆማ ታነበዋለች።